መብራት ሲሄድ ማጣሪያ አይከፈትም

እናውቃለን። ርዕሱን አይታችሁ «እነዚህ ልጆች ደግሞ ዛሬ ምን ነካቸው? የኑሮው፣ የመንገዱ፣ የሰላሙ ነገር እያለ ስለ መዋኛ ገንዳ ማጣሪያ?» ልትሉን ነው። በዚያ ላይ ላሊበላ! ሰው ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ከተማ ስለ መዋኛ ገንዳ ማውራት ቅብጠት ይመስላል። እኛም ነገሩን በዓይናችን ባናየው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፈውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት ለገና ላሊበላ ነበርን። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉን አይተን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስላደርን ጉልበታችን እየከዳን፣ የአንዳችን ዘመድ የሆኑ ሰው ቤት ምሳ ተጠራን። ሰውዬው ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ እንግዳ የሚያሳርፉባቸው ጥቂት ክፍሎች ሠርተዋል፤ ከጀርባ ደግሞ አንዲት ትንሽ መዋኛ ገንዳ አለች። «ለልጆቼ ብዬ ነው» ይሏታል። ልጆቻቸው ግን እዚያው ውጭ ናቸው።

ገንዳዋን የሚንከባከበው አንድ የሰፈሩ ወጣት ነው። ጥበቃውም እሱ፣ አትክልተኛውም እሱ፣ ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠራውም እሱ። ፓምፑና ማጣሪያው ከአዲስ አበባ ሲመጣ የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ በማግስቱ ተመልሷል። የቀረው አንድ የመመሪያ መጽሐፍ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛና በቻይንኛ። ልጁ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ሥዕሎቹን አይቶ የገባውን ያህል ይሠራል፤ ያልገባውን ይገምታል።

ዶሮ ወጡ እየቀረበ እያለ መብራት ሄደ። ልጁ በበሩ ብቅ አለና «ጋሼ፣ ያ ማጣሪያ ውሃ አላሳልፍ ካለ ሰነበተ። መብራቱ እንደሄደ ልክፈተው እንዴ?» አላቸው።

«ክፈተው የኔ ልጅ፤ መቼም አሁን አይነዝርህም» አሉት።

እኛም እጃችንን ታጥበን ልናይ ተከተልነው። (አንዳችን እንዲያውም በሞባይሉ አበራለት። ስሙን አንጠቅስም፤ ራሱን ያውቃል።) ልጁ የማጣሪያውን ክዳን ዙሪያውን ያቀፈውን የብረት ቀለበት ብሎን ግማሽ ድረስ ፈታው። ክዳኑ አልላቀቅ አለ። ካቻቢቴ ሊያመጣ ጥቂት እርምጃ ዞር እንዳለ የጎረቤት ልጆች «መጣ!» ብለው ጮሁ።

መብራቱ ነው የመጣው። ፓምፑም ከመብራቱ ጋር አብሮ መጣ፤ ማንም አላጠፋውም ነበርና። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለመተረክ ከወሰደው ጊዜ ያነሰ ነው። ክዳኑ ከቦታው ተወርውሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ አጎድጉዶ ወደቀ። ውሃው ሁላችንንም በአንድ ጊዜ አጠመቀን። ማንም አልተጎዳም። ልጁ ግን ካቻቢቴውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ፣ ቅድም ጭንቅላቱ የነበረበትን ቦታ ዝም ብሎ ያየው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ መሀል ክርክር አለ። ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው የሚል ከመካከላችን አንድም የለም። እኛ ያልተስማማነው በሌላው ላይ ነው፤ «የባለቤቱ ነው»፣ «የሻጩ ነው»፣ «ሞባይል ያበራው ጓዳችን ነው» እየተባባልን። አንድ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ የቋንቋችንን ነገር በደንብ ብንሰማው ኖሮ ያ ክዳን አይወረወርም ነበር። እኛ ሐበሾች መብራት «ሄደ»፣ «መጣ» ነው የምንለው። እንደ እንግዳ ማለት ነው። የሄደ እንግዳ ደግሞ ሳይናገር ሊመለስ ይችላል። የሄደ ሁሉ የጠፋ አይደለም። አጥፊው ሰው፣ የሚጠፋውም በብሬከሩ ነው።

እስቲ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ እንየው። የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ በአብዛኛው አሸዋ የተሞላ ወፍራም የፕላስቲክ ወይም የፋይበር በርሜል ነው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ ከላይ ወደ አሸዋው ይገፋዋል፤ ቆሻሻው አሸዋው ላይ ይቀራል፤ የጠራው ውሃ ከታች ባሉት ቀጫጭን መሰንጠቂያ ያላቸው ቱቦዎች አልፎ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ይኸው ነው። አደገኛው ነገር ውሃው አይደለም፤ ከውሃው በላይ ክዳኑ ሥር የሚታመቀው አየር ነው። ውሃ ቢጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን እንደ ስፕሪንግ ተጨምቆ ይቀመጥና መውጫ ሲያገኝ ያን ሁሉ ጉልበት በአንድ ቅጽበት ይመልሳል።

ጉልበቱ ስንት ነው? ማመን ያቃተን ይሄ ነው። ወርዱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን እናስብ። በውስጡ ያለው ግፊት 1 ባር ብቻ ቢሆን (ይህ ደግሞ ለማጣሪያ የተለመደ ግፊት ነው) ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ12 ኩንታል በላይ ክብደት ጋር እኩል ነው። አሥራ ሁለት ኩንታል ጤፍ! ያን ሁሉ አፍኖ የያዘው አንድ ቀለበትና አንድ ብሎን ነው። ብሎኑን ደግሞ እኛ ግማሽ ድረስ ፈትተነው ነበር።

ይህን ነገር አገራችን ውስጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው ጎሚስታ ነው። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋ ጎሚስታን ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ፊቱን ከጎማው ፊት ለፊት አያደርግም፤ ጎን ይይዛል። መጽሐፍ አንብቦ አይደለም። ቸርኬው ወጥቶ ሰው ሲመታ አይቶ ወይም ሰምቶ ነው። የማካሮኒ ዘይት ሳይሆን የቡና ማሽን እንፋሎት የሚለቅ የካፌ ሠራተኛም ያውቀዋል። የገንዳ ማጣሪያ ግን ዝም ያለ፣ ነጭ፣ ሰላማዊ ዕቃ ይመስላል። የአፍና ማንቁርት ድምፅ የለውም። ስለዚህ አይፈራም።

በትክክል እንዴት ነው የሚከፈተው ያላችሁ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የተማርነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፓምፑ በብሬከሩ ይጠፋል። ሰዓት ቆጣሪ ካለው እሱም ይጠፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ የሚነሳ ፓምፕ ከመብራቱ አይሻልም። ብሬከሩ ያለበት ሳጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉም ሥራውን በሚሠራው ሰው ኪስ ይገባል። ሌላ ሰው ኪስ አይሆንም፤ «እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ»ም አይሆንም። ገንዳው ከማጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነ የመግቢያና የመውጫ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፤ አለበለዚያ ክዳኑ ሲነሳ ገንዳው ሙሉ በሙሉ ወደ እናንተ ይመጣል። ከዚያ ማጣሪያው አናት ላይ ያለችው ትንሽ የአየር መልቀቂያ ቀስ ተብላ ትከፈታለች። ትስስ… ትላለች። ድምፁ እስኪያልቅ ይጠበቃል። የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መውረዱ ይታያል፤ ግን መለኪያውን ብቻ አትመኑት፤ ተበላሽቶ ዜሮ ላይ የቀረ መለኪያ ብዙ ነው። የሚታመነው የተከፈተው መልቀቂያ ነው። ብሎኑ የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም ፊት ከክዳኑ በላይ አይሆንም።

ሲዘጋም እንደዚያው ነው። የክዳኑ ጎማ ይጸዳል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየራል። ቀለበቱ በደንብ ይታሰራል። ፓምፑ ሲነሳ የአየር መልቀቂያው ክፍት ሆኖ ሰው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ከመልቀቂያው የሚወጣው አየር አልቆ ውሃ መርጨት ሲጀምር ይዘጋል። አደጋው ያለው ሲከፈት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ሲነሳም ነው ለካ። በርሜሉ በአየር የተሞላው ያኔ ነውና።

አሁን ወደ ቀልዱ ክፍል እንምጣ። ያ ማጣሪያ መጀመሪያውኑ መከፈት አልነበረበትም! ውሃ አላሳልፍ ያለው አሸዋው ቆሻሻ ስለያዘ ነው፤ አሸዋ ደግሞ የሚታጠበው ክዳን ተከፍቶ ሳይሆን ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ በማስኬድ ነው። ማጣሪያው ጎን ወይም አናት ላይ ያለው እጀታ ለዚህ ነው የተሠራው። ፓምፑ ይጠፋል፤ እጀታው ወደ ማጠቢያው ቦታ ይዞራል፤ (ፓምፑ እየሠራ እጀታውን ማዞር ውስጡ ያለውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ የብዙ ቫልቭ ዕድሜ የሚያጥረው በዚህ ነው) ፓምፑ ይነሳል፤ በመስታወቷ የሚታየው ጥቁር ውሃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ ፓምፑ ጠፍቶ እጀታው ወደ ማለቅለቂያው ዞሮ አንድ ደቂቃ ይሠራል። በቃ። መቼ ይታጠብ ለሚለው ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ግድግዳው ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ቁጥር በ0.5 ወይም በ0.7 ባር ከፍ ሲል ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እኛ ባየነው ግቢ ግድግዳው ላይ የተጻፈው የአንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። የሻጩ። ስልኩ አይነሳም።

አሸዋውም የራሱ ነገር አለው። የተፈጨ ንጹሕ የሲሊካ አሸዋ፣ ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰና እኩል መጠን ያለው መሆን አለበት፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያገለግላል። ተከዜ የሚነሳው ከላስታ ተራሮች ነውና አሸዋ የሞላበት አገር ሆኖ «ከወንዝ ብናመጣስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይሆንም። የወንዝ አሸዋ ጭቃም፣ ትልቅም ትንሽም ቅንጣት ያለበት ነው፤ ትንሹ ከታች ያሉትን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ለሲሚንቶ የተባረከ አሸዋ ለማጣሪያ አይሆንም።

የከፍታውን ነገር ደግሞ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ፓምፕ ውሃ የሚስበው የውጩ አየር ገፍቶ ስለሚሰጠው ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ያህል የሚስብ ፓምፕ እዚህ ሰባት ሜትር ተኩልን አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከገንዳው ከፍ ብሎ የተተከለ ፓምፕ አየር እየዋጠ ያለቅሳል፤ የዋጠው አየር ደግሞ የት ይሄዳል? ማጣሪያው ውስጥ፣ ክዳኑ ሥር። አያችሁ ነገሩ እንዴት ዞሮ እዚያው እንደሚመጣ? ለደጋ የሚሆነው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ዝቅ አድርጎ መትከል። የደጋው ፀሐይም ክሎሪኑን ቶሎ ይበላዋል፤ ጠዋት የተደረገው ማታ ላይ የለም።

ስለ ክሎሪን ካነሳን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ገንዳ ውስጥ የሚፈለገው በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ነው። ዱቄቱ በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። በረኪናም ሆነ የገንዳ ክሎሪን ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለት ዓይነት የክሎሪን ዱቄት በአንድ ዕቃ መቀላቀል ደግሞ እሳት ሊያስነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። እኛ ባየነው ግቢ ሁሉም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ በቡና ጣሳ ውስጥ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ ነበር። በቡና ጣሳ!

እሺ፣ ወደ ዋናው ጥያቄ። ላሊበላ ላይ መዋኛ ገንዳ መኖር አለበት ወይ?

አንድ ትንሽ የቤት ፓምፕ በሰዓት 10 ሺህ ሊትር ቢገፋ፣ የሦስት ደቂቃ ማጠብና የአንድ ደቂቃ ማለቅለቅ ከ660 ሊትር በላይ ውሃ ይጥላል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 33 ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ እጥበት! በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ በጦርነቱ እጅ ከገባች በኋላ መብራት ለወራት ተቋርጦ የውሃ ፓምፖቹ ሲቆሙ፣ ሰው ከምንጭና ከወንዝ እየቀዳ ነበር የኖረው። ከተማዋ በታኅሣሥ 2014 ከተለቀቀች በኋላም መስመሩ ቶሎ አልተቀጠለም። ያንን ያየ ሰው 33 ጄሪካን ውሃ ወደ ቦይ ሲለቀቅ ዝም ብሎ ማየት ይከብደዋል። ከመካከላችን ሁለቱ «ገንዳ በላሊበላ ነውር ነው፣ ይደፈን» ባዮች ናቸው። የቀረነው ግን እንዲያ አላልንም። እንግዳ የሚያሳርፍ ቤት ሥራ የሚሰጥ ቤት ነው፤ ገንዳም እንግዳ ይስባል። የምንለው የእጥበቱ ውሃ ወደ መንገድ አይለቀቅ ነው። በርሜል ተዘጋጅቶለት ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ክሎሪኑ ይለቀዋል፤ ከዚያ ለዛፍ ይጠጣ። ይህን ማድረግ የማይችል ገንዳ አይኑረው።

በዚህች ከተማ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ከ10 ሜትር በላይ ወደ ታች በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው። የክረምት ዝናብ እዚያ ውስጥ ሲወርድ የት ይሄዳል ብላችሁ ታውቃላችሁ? የፈለፈሉት ሰዎች አስበውበታል፤ ቦይና ማፍሰሻ አብረው ፈለፈሉ። ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆይተው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው የተጠረጉት፤ እስከዚያው ውሃው ድንጋዩን በልቶታል። ዩኔስኮ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ከጉዳቱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የሚጠቅሰውም ይኸንኑ የተደፈነ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቆሙት እነዚያ ግዙፍ መጠለያዎች (የሚወዳቸው ሰው እስካሁን አላገኘንም) ዝናቡን ለመከላከል ነው የመጡት። እንግዲህ የተሠራው ድንቅ ነገር ሁሉ የተጎዳው፣ መፈልፈሉ ስላልተሳካ ሳይሆን ቦይ የሚጠርግ ስለጠፋ ነው።

ገንዳም ቢሆን ለላስታ እንግዳ አይደለም። ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ያለችው ያቺ አረንጓዴ ገንዳ በገና ልጅ የፈለጉ ሴቶች በገመድ ታስረው የሚገቡባት ናት። ጎንደር የፋሲል መዋኛ ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሞላ ለጥምቀት ይደርሳል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ይሙላ፣ ይለቀቅ፤ ማጣሪያ የለም። አዲስ አበባ ሒልተን ያለው የመስቀል ቅርጽ ገንዳ እንኳን ከፍል ውሃ ነው የሚሞላው። የጠቡን ውሃ ዓመቱን ሙሉ አጥርቶ ማቆየት የሚባለው ነገር ግን በፓምፕና በማጣሪያ የመጣ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ያ 12 ኩንታል መጣ።

ለዚህ ነው ሻጮች ላይ ቅሬታ ያለን። አንድ ማጣሪያ ሲሸጥ የሁለት ሰዓት ትምህርት አብሮ ይሸጥ። ትምህርቱ ለባለቤቱ ሳይሆን እጁን ለሚያስገባው ልጅ ይሰጥ፤ በአማርኛ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ በላስቲክ ተሸፍኖ ማጣሪያው አጠገብ ይሰቀል። ባለቤቶች ደግሞ፣ ጋሼዎቻችን፣ ለገንዳው ያወጣችሁት ገንዘብ አልከበዳችሁም፤ የአንድ ቁልፍ ዋጋ አይከብዳችሁም። «የሰፈር ልጅ ነው፣ ሁሉን ይችላል» የሚለው ሙገሳ ልጁን አንድ ቀን ያስበላዋል።

ሰውዬውን በቅርቡ በስልክ አግኝተናቸው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ገንዳው ደርቆ ነበር፤ አሁንም እንግዳ ስለሌለ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው ውሃ ያለው፤ ለችግኝ ማጠጫ ሆኗል። የተጎደጎደውን ቆርቆሮ አልቀየሩትም። ልጁ እዚያው ነው። የብሬከሩን ሳጥን ቁልፍ ከአንገቱ ማተብ ጋር አስሮ ይዞራል፤ «ለእኔም አይሰጠኝም» አሉን ሰውዬው፣ እየሳቁ።